የአባትን ሕይወት በመጽሐፍ ማስቀመጥ፦ ለጅማ ቤተሰቦች ከለቅሶ እስከ ሙት ዓመት የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

በቀብር ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «አቶ እገሌ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር፣ ጅማ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ… ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…» ስሙ ተቀይሮ ለጎረቤት ቢነበብ የሚነቃ የለም። አስከሬን ገና ከቤት ሳይወጣ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ እንባ እየቀደመው የሚጽፈውን ልጅ ማንም አይወቅሰውም። የሚያሳዝነው ያቺ አንድ ገጽ የአባት ብቸኛ ታሪክ ሆና ስትቀር ነው።

እዚህ የምናሳየው በዓመት ውስጥ፣ በቤተሰብ ጉልበት ተሠርቶ ለሙት ዓመት የሚደርስ 48 ገጽ መጽሐፍ አሠራር ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ፦ ማንም ሰው «ደግ ነበሩ» ሲላችሁ «ምን ሲያደርጉ አዩ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጽሐፉ የሚሞላው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

በለቅሶው ሰሞን መደረግ ያለበት

ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም። እስከ አርባ ድረስ ሥራው አይጀመርም፤ ሙስሊም ቤተሰብም የሐዘኑ ጊዜ እስኪያልፍ ይቆይ። ሦስት ነገሮች ግን ቀን ካለፈባቸው አይመለሱም።

አንደኛው ደብተር ነው። ድንኳን ውስጥ ወይም ግቢው በር ላይ አንድ ባለ መስመር ደብተር ይቀመጥና ረጋ ያለ የዘመድ ልጅ ይያዘው። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ስሙን፣ ስልኩንና አባትን በምን እንደሚያውቃቸው በአንድ መስመር ያጽፋል። «አብረን ወፍጮ ቤት ሠርተናል»፣ «ልጄን አስተምረውልኛል»። ሠላሳ ዓመት ያላያችሁት የአባት የሥራ ባልደረባ በዚያች ቀን መጥቶ ይሄዳል፤ ስልኩን ካልያዛችሁ ዳግም አታገኙትም። ይህን ደብተር የእድር መዋጮ ከሚመዘገብበት ጋር አትቀላቅሉት፤ ገንዘብ ያለበት ደብተር ሌላ እጅ ገብቶ ይቀራል።

ሁለተኛው ልብስ ነው። ልብሳቸው ለችግረኛ ከመሰጠቱ በፊት የእያንዳንዱ ኮት ኪስ፣ የእያንዳንዱ ቦርሳ ውስጠኛ ኪስ ይፈተሽ። የታጠፈ ደረሰኝ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት የሚገኘው እዚያ ነው። ልብሱ ከመሄዱ በፊት ቢያንስ አዘውትረው የሚለብሱትን ካፖርት ወይም ጋቢ ፎቶ አንሡት፤ የተጣፈ ክርን ካለ ክርኑን ቀረብ ብላችሁ አንሡ። ማን እንደጣፈውም ጠይቁ።

ሦስተኛው የሞት ምዝገባ ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ስማቸውን እስከ አያት ድረስ ሲያስመዘግቡ ፊደሉን አይታችሁ አስተካክሉ፤ ዛሬ «ሐ» በ«ሀ» ቢጻፍ ነገ ሌላ ማስረጃ ለማውጣት ስትሄዱ ያስቸግራል።

ሥራውን መከፋፈል

ሦስት ሰው ይበቃል፦ ጠያቂ፣ ጸሐፊ፣ ፎቶና ወረቀት ያዥ። ጠያቂው ከልጆች ይልቅ የወንድም ልጅ ወይም ምራት ብትሆን ይሻላል። ሽማግሌ ለልጅ የአባቱን ጭንቅ አያወራም፤ ትንሽ ራቅ ላለ ሰው ግን ይከፍታል። የውርስ ክርክር ካለ ሥራውን አቆዩት፤ ወረቀት ስትሰበስቡ ካርታ ፈላጊ ትመስላላችሁና ሁሉም ሣጥኑን ይቆልፋል። ክርክር ባይኖርም የቤት ካርታና የይዞታ ደብተር እጃችሁ አይግባ፤ ፎቶ አንስታችሁ ወዲያው ለባለቤቱ መልሱ።

በጅማ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይከብዳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የተቀዳ ድምፅ ለጆሮ አይሆንም። ቡና የሚለቅሙ ዘመዶች ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ገጠር የምትሄዱት በጥርና በየካቲት ይሁን፤ ለቀማው አልቋል፣ መንገዱ ደርቋል፣ እጅም ላይ ገንዘብ ስላለ ሰው ይረጋጋል። ሐሙስ አትሂዱ፤ የሒርማታ ገበያ ስለሆነ እነሱ ወደ ከተማ ይመጣሉ። እንዲያውም በደንብ የማይራመዱ ካልሆኑ ሐሙስ ቤታችሁ ምሳ ጋብዟቸው።

ወረቀቶቹ

አንድ የጫማ ካርቶንና 30 ያህል ነጭ ፖስታ አዘጋጁ። በየፖስታው አንድ ዓይነት ወረቀት ይግባ፦ መታወቂያ፣ የሥራ ቅጥርና መልቀቂያ፣ የጡረታ፣ የትምህርት፣ የጋብቻ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ደብዳቤ። ከአባት ሣጥን ያላገኛችሁትን ሌላ ቦታ ፈልጉ። የእድር መዝገብ አባል የሆኑበትን ዓመትና በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ስም ይይዛል። የመንግሥት ሠራተኛ ከነበሩ የሥራ ቦታቸው መዝገብ ቤት የግል ማኅደራቸው ይኖራል፤ የሞት ምስክር ወረቀትና የልጅነት ማስረጃ ይዛችሁ በማመልከቻ ጠይቁ። የመዝሙረ ዳዊት፣ የመጽሐፍ ቅዱስና የቁርኣን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾችን ግለጡ። የልጆች ልደት እዚያ ተጽፎ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ልጁ በተወለደ ሰሞን የተጻፈ ስለሆነም ከመታወቂያ ይልቅ ይታመናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። በአሮጌ ወረቀት ላይ «ከፋ ጠቅላይ ግዛት» ወይም «ከፋ ክፍለ ሀገር» የሚል ሲገኝ የልጅ ልጆች አባታችን ዛሬ ከፋ ዞን በሚባለው ያለችው የቦንጋ ሰው ነበሩ ብለው ይጽፋሉ። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ጅማና ሊሙ አውራጃዎቹ ነበሩ። ዛሬ በኦሮሚያ ጅማ ዞን ውስጥ ያለ መንደር በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ «ከፋ» ይባላል። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለቱንም ጻፉ፦ «በያኔው አጠራር… በአሁኑ…» ብላችሁ።

ዓመቱን ማጥራት

በየመታወቂያው ላይ የተለያየ የልደት ዓመት ብታገኙ አትደንግጡ። አንድ ሰው «ዕድሜዬ አርባ ነው» ሲል ጸሐፊው ከዓመቱ ላይ አርባ ቀንሶ ይጽፋል፤ መታወቂያው በታደሰ ቁጥር ልደቱም ይንሸራተታል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ለድርጊቱ የቀረበ ወረቀት ይበልጣል። የ1950ዎቹ የትምህርት ቤት ካርድ ከ1990ዎቹ የቀበሌ መታወቂያ ይቀድማል።

ወረቀት ከሌለ ሽማግሌ አለ። «ስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ቢባል መልስ የለም፤ «ያኔ ምን ነበር?» ሲባል ግን ይወጣል። በእጃችሁ የሚከተለውን ያዙ። የንጉሡ ንግሥ ጥቅምት 1923። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በሚያዝያ 1928 ነው፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ የዘለቀው ግን በ1929 ስለሆነ የጅማ አካባቢ ሽማግሌ «ጣሊያን ሲገባ» ካሉ 1929ን አስቡ። «ጣሊያን ሲወጣ» ደግሞ 1933 ነው፤ ጅማ የተለቀቀችው በዚያ ዓመት ሰኔ ውስጥ ነው። የንጉሡ ብር የወጣው ሐምሌ 1937፣ የታኅሣሡ ግርግር 1953፣ አብዮቱ 1966፣ የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 1967፣ የደርግ አዲስ ብር ጥቅምት 1969፣ የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ 1976፣ የመንግሥት ለውጥ ግንቦት 1983። ለጅማ ልጆች የእርሻ ትምህርት ቤቱ መከፈትም (1945) ጥሩ ምልክት ነው።

በሙስሊም ቤት «በረመዳን፣ ቡና ሲለቀም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ እጅግ ጠቃሚ መልስ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ወደዚያው ወቅት የሚመለሰው በ32 ወይም በ33 ዓመት ነው። በኅዳር የዋለው በ1929 እና በ1961 ዙሪያ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ታላቅ ወንድምን አይቶ መለየት አያቅትም። በክርስቲያን ቤት የክርስትና ስም ይረዳል፦ ገብረ ሚካኤል ከተባሉ 12ን፣ ወልደ ገብርኤል ከሆኑ 19ን ጠርጥሩ። ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ ግን አይደለም፤ ስሙ በካህኑ ወይም በክርስትና አባቱ ምርጫም ሊወጣ ይችላል።

ውጭ አገር ላሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ 7፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ። ጥቅምት 1953 እ.ኤ.አ. 1960 ሲሆን ጥር 1953 ግን 1961 ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ቀኑን ካላወቃችሁ ወሩን ብቻ ጻፉ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ዓመት ሁሉ ፊት «ገደማ» ይግባ፤ ሰባራ ዓመት ከመፈልሰፍ «በ1930 ገደማ» ማለት ያስከብራል።

ሽማግሌዎችን መጠየቅ

የመጽሐፉ ነፍስ ይህ ክፍል ነው፤ ጊዜያችሁን ግማሹን እዚህ አውሉት። በዕድሜ ከሁሉ የገፋው፣ ከዚያም የታመመው ይቀድማል። የቅርብ ሰው ነው ብላችሁ የአባትን ታናሽ ወንድም አስቀድማችሁ፣ ዘጠና የሞላቸውን አክስት ለፋሲካ ብታቆዩ ትጸጸታላችሁ።

ለአንድ ሰው ሁለት ቀን መድቡ፤ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት አይበልጥ። የመጀመሪያው ቀን በር መክፈቻ ነው። ሌሊት ተኝተውበት የነበረው ሁሉ ይመጣላቸውና በሁለተኛው ቀን ሳትጠይቋቸው «ትናንት የረሳሁት…» ብለው ይጀምራሉ። ዋናው ነገር የሚገኘው ከዚያ ነው።

ቡና መፍላቱ መልካም ነው፤ ድምፅ ለመቅዳት ግን ጠላት ነው። ሙቀጫው፣ የሲኒው ኳኳታ፣ የሚገባ የሚወጣው ጎረቤት ቃሉን ይበላዋል። አቦሉ እስኪቀዳ ስልኩን አታብሩ፤ ሲኒው እጅ ላይ ከገባ በኋላ ጀምሩ። ስልኩን ከሲኒው ረከቦት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፤ በተጣጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከተናጋሪው አፍ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ወደ አውሮፕላን ሁኔታ ቀይሩት፤ አለዚያ በወሳኙ ሰዓት ስልክ ተደውሎ ቀረጻው ይቋረጣል። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቅዱና አዳምጡ። በኤምፒ3 በተለመደው ጥራት አንድ ሰዓት 60 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ባልታመቀው ዌቭ ፎርማት ከሆነ 300 ይደርሳል። ቦታ ካላችሁ ሁለተኛውን ምረጡ። ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ስም በድምፅ ተናገሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ «ቀረጻ 14» የሚል ስም ብቻ ያለው ፋይል የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ቋንቋ አታስገድዱ። በአፋን ኦሮሞ፣ በዳውሮኛ፣ በየምኛ፣ በከፍኛ የኖረ ሰው በአማርኛ ሲጠየቅ የሚመልሰው የቢሮ መልስ ነው። በልባቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ የቤተሰብ ልጅ አጠገብ ይቀመጥና በኋላ ይተርጉም። አባት ይሏት የነበረች ቃል ካለች በራሷ ቋንቋ ጻፏትና ትርጉሟን ከጎን አድርጉ።

አሁን ጥያቄዎቹ። «አባታችን ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አይጠየቅም፤ «ወርቅ ሰው» ተብሎ ያልቃል። እንዲህ ጠይቁ፦

«እትዬ፣ ከሥራ ሲመለሱ ገና ከበር ማንን ይጠሩ ነበር?»
«ቡናቸውን በጨው ነበር በስኳር? ጤና አዳም ይገባበት ነበር?»
«ሲቆጡ ምን ይላሉ? ከዚያስ ማን ያበርዳቸዋል?»
«መጀመሪያ የተከራዩት ቤት የት ነበር? ኪራዩ ስንት ነበር? ስንት ሰው ያድርበት ነበር?»
«ገንዘብ ያጡበት ጊዜ ነበረ? ያኔ ምን ተሸጠ?»
«ከማን ጋር ተኳርፈው ያውቃሉ? እንዴት ታረቁ?»

ሁለቱ የመጨረሻዎቹ በሁለተኛው ቀን ይጠየቁ። ሽማግሌው ዝም ሲሉ ዝምታውን አትሙሉት፤ እስከ አሥር ቁጠሩ። አንድ ፎቶ በእጃቸው ስጧቸው፤ ከፊት ለፊት ስላሉት ሰዎች ብቻ ሳይሆን ዳር ላይ ስለሚታየው በርጩማ፣ ከኋላ ስላለው ሬዲዮ ጠይቁ። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ማን እንደጠረበው፣ ማን ብቻ ይቀመጥበት እንደነበር ከተጠየቀ ስለ ቤቱ ሥርዓት ብዙ ይነገራል።

የልጆች ስምም ይጠየቅ። አባት ስም ያወጡት ለምክንያት ነው። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ ካለ ከሱ በፊት የሞተ ልጅ ወይም የቅርብ ሰው ሊኖር ይችላልና ቀስ ብላችሁ እናትን ጠይቁ። ሮባ ወይም ሮቤ ከተባለ ዝናቡን ጠይቁ። እናት «ከሱ በፊት አንዲት ነበረችኝ» ካሉ፣ ስለዚያች ሕፃን እናታችሁ ምናልባት አርባ ዓመት ሙሉ አልተጠየቁም። ስሟ ከዚህ በታች በምንሠራው የትውልድ ሐረግ ላይ ይግባ።

ያሳደጉት ቤተሰብ፦ ሐረጉን መሥራት

ትልቅ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉና በእርሳስ ሥሩ፤ በእስክሪብቶ የጀመረ ሦስት ጊዜ ይቀዳዋል። አባት 1 ይሁኑ፤ ልጆቻቸው 1.1፣ 1.2፤ የልጅ ልጆች 1.1.1 እያሉ ይወርዳሉ። በየስሙ ሥር የእናት ሙሉ ስም፣ የልደት ዓመትና ቦታ ይጻፍ። የእናት ስም ከቀረ በአገራችን አጠራር የእናት ወገን ጨርሶ ይጠፋል፤ ልጅ የሚጠራው በአባት ነውና። ወደ ላይ ደግሞ የአባትንም የእናትንም ወገን እስከተቻለ ቁጠሩ። ሰባት ቤት ድረስ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ፤ ለጋብቻ ሲባል የተማሩት ነው።

በጅማ የሚያደናግረው የ«አባ» ስም ነው። የጅማው ንጉሥ የተጠሩበት አባ ጅፋር የሚለው ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ ሰው በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ይባላል ማለት ነው፤ ይህ አጠራር በአካባቢው ቤተሰቦች ውስጥ ዘልቋል። አንድ አያት በግብር ደረሰኝ ላይ በተጸውዖ ስማቸው፣ በሽማግሌ አፍ በፈረስ ስማቸው ይጠሩና ሁለት ሰው ሆነው ሐረጉ ላይ ይገባሉ። የሚስት፣ የልጆችና የመንደር ስም ከገጠመ አንድ ሰው ናቸውና ሁለቱንም ስም በአንድ ሣጥን ውስጥ ጻፉ።

ጉዲፈቻ፣ የጡት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ ከገጠር ለትምህርት መጥቶ እዚያው ያደገ የወንድም ልጅ ሁሉ ሐረጉ ላይ ይግባ። በእኛ እምነት እዚህ ላይ መወላወል አያስፈልግም፤ ከአባት ገበታ የበላ፣ ደብተር የተገዛለት ልጅ ከመጽሐፉ ከቀረ መጽሐፉ የአባትን ሕይወት አልያዘም። የተወለዱትን በሙሉ መስመር፣ ያደጉትን በነጠብጣብ መስመር አገናኙ፤ የስሙ መጠን ግን እኩል ይሁን። ከሌላ እናት የተወለዱ ልጆች ካሉ ስማቸውና እናታቸው ይጻፋል፤ እንዴት እንደሆነ ግን የመጽሐፉ ጉዳይ አይደለም። ይህ ገጽ ለሌላ ሰው ከመታየቱ በፊት ለእናት ለብቻቸው ይነበብላቸው።

ፎቶዎቹ

የጅማ እርጥበት ፎቶ ይበላል። ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ያለበትን ፎቶ በውሃ፣ በምራቅ፣ በአልኮል አትጥረጉ፤ ምስሉ አብሮ ይነሣል። ደረቅ ቀን ጠብቁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር አራግፉ። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን አትላቅቁ፤ ከነመስታወቱ አንሡት። መስኮት አጠገብ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጉ፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ይሁን፣ ከኋላችሁ ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ፤ አለዚያ የራሳችሁ ጥላ መስታወቱ ላይ ይታያል። ከሚያጣብቅ አልበም ላይ የጥርስ ክር ከሥሩ እያሳለፋችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ላሚኔት በፍጹም አታስደርጉ፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል፣ መመለሻም የለውም።

ስካን ሲደረግ የተለመደው ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነሡ ነጥቦች ብዛት)፣ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጉርድ ፎቶ በ1200 ይሁን። በ1200 የተነሣ ጉርድ ፎቶ ሳይደበዝዝ እስከ 12 በ16 ሳንቲ ሜትር ይታተማል፤ ከአባት ወጣትነት የቀረችው እሷ ብቻ ስትሆን ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ጀርባውንም ስካን አድርጉ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና የተጻፈ ቀን ሊኖር ይችላል። በጀርባው ስትጽፉ 2ቢ እርሳስ ተጠቀሙ፣ አትጫኑ። ውጭ አገር ካሉት በቴሌግራም ስትቀበሉ «እንደ ፋይል» ይላኩላችሁ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ይመጣል፣ ስልክ ላይ ያምራል፣ ሲታተም ይደበዝዛል። ዋናዎቹን ፎቶዎች ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡ፤ ነጭ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቁ።

መጻፍ

ለመታሰቢያው ቀን ጮክ ተብሎ የሚነበበው ክፍል 500 ቃል ገደማ ይሁን፤ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡት፣ ከስድስት ደቂቃ ከበለጠ ቀንሱ። በዚህ ክፍል አባት በ«እሳቸው» ይጠሩ። የልጆች ማስታወሻ ላይ ግን አባባ፣ ጋሼ፣ ባባ እያለ እያንዳንዱ ልጅ የጠራበትን ይጠቀም። «አባዬ መጣ» ስትል ያደገች ልጅ «አባታችን መጡ» ብላ ስትጽፍ ድምፅዋ ይጠፋል።

የአጻጻፉን ነገር በምሳሌ እናሳይ። «ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በእጃችሁ አለ እንበል። «ምን ሲያደርጉ አዩ?» ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ደሞዝ በተቀበሉ ቀን ከመርካቶ ሁለት ኪሎ ስኳር ይገዛሉ። አንዱ ወደ ጓዳ ይገባል። ሌላው በጓሮ በር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ባሏ ወደሞተባት ጎረቤት ይሄዳል። ልጆቹ ይህን የሰሙት ጎረቤቲቱ ለቅሶ ላይ ስትናገር ነው።» ደራሽ የሚለው ቃል የለም፤ አስፈላጊም አይደለም። በየገጹ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ወደ ቀረጻው ተመለሱ።

ሁለት ዘመዶች አንዱን ነገር ለየቅል ከተናገሩ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትጣሉ፤ «እንደ አክስታችን… እንደ አጎታችን ግን…» ብላችሁ ሁለቱንም አስገቡ። የታሠሩበት፣ የተባረሩበት፣ የጠጡበት ዘመን ካለ እናትና ልጆች ተሰብስበው ይወስኑ። መተው ይቻላል፤ ውሸት መተካት ግን አይቻልም። አምስት ዓመት ታስረው «ለሥራ ጉዳይ ርቀው ነበር» ተብሎ ከተጻፈ የልጅ ልጅ አንድ ቀን እውነቱን ሲሰማ የቀረውንም ገጽ ይጠራጠራል።

ማተም

ኤ5 መጠን፣ በሽቦ የተሰፋ፣ 48 ገጽ። ይህ 12 የኤ4 ወረቀት ነው፤ የገጹ ቁጥር ለ4 መካፈል አለበት፣ አለዚያ መጨረሻው ባዶ ይሆናል። ከ64 ገጽ ካለፈ በሽቦ ሲሰፋ ያብጣልና በሙጫ ይጠረዝ። ሐረጉን ገጽ 24 እና 25 ላይ አድርጉት፤ የመሐል ገጽ ስለሆነ እንደ አንድ ትልቅ ወረቀት ይዘረጋል፣ ስሞች በስፌቱ አይቆረጡም። የውስጡ ወረቀት 80 ግራም ከሆነ ፎቶ ከጀርባ ያሳያል፤ 100 ወይም ከዚያ በላይ ጠይቁ። ፊደሉ ከ12 ነጥብ አይነስ፤ አንባቢዎቹ የአባት እኩዮች ናቸው።

ጽሑፉን በወርድ ፋይል ይዛችሁ ማተሚያ ቤት አትሂዱ። በፓወር ግእዝ የተጻፈ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ እነሱም እንደገና ሲተይቡት ስም ይሳሳታል። በዩኒኮድ ፊደል ጻፉ፣ በፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስጡ። ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ ብቻ አሳትማችሁ በየቤቱ አዙሩ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ስም አይቶ አጠገቡ ይፈርም። ስም የሚጻፍበት ፊደል የባለቤቱ ነው፤ «ኃይሉ» በ«ኃ»፣ «ሠናይት» በ«ሠ» ከሆነ እንደዚያው። ይህ ዙር ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ለሙት ዓመቱ ሁለት ወር ሲቀር ጀምሩት።

ብዛቱ ለእያንዳንዱ ልጅና ላደገ ልጅ ቤት አንድ፣ ለጠየቃችኋቸው ሽማግሌዎች በሙሉ አንድ አንድ፣ ትርፍ 10። የተቀዳው ድምፅና ስካኑ በሁለት ፍላሽና በአንድ የኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጥ። አንዱ ፍላሽ ጅማ፣ ሌላው ከከተማ ውጭ ባለ ልጅ እጅ ይሁን፤ በየዓመቱ የመታሰቢያው ሰሞን ተከፍተው ይታዩ፣ ፍላሽ ሳይነካ ሲቀመጥም ይበላሻልና።

የመጨረሻዎቹን አራት ገጾች ባዶ ተዉ፤ መስመር ብቻ ይሰመርባቸው፣ ከላይም የሐረጉ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ይኑር። አዲስ የልጅ ልጅ ሲወለድ እናት ወይም አባት ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ በራሳቸው እጅ ይጽፋሉ። በዚያው ሰሞን ገጹን ፎቶ አንስተው ለሌሎቹ ቤቶች ይላኩ፤ እነሱም በየመጽሐፋቸው ይገልብጡት።